አዲስ ኮምፒዩተር ከመግዛት በፊት አሮጌውን መመርመር ስለሚገባ

ለሰው የሚያገለግል ዕቃ ሁሉ በአገልግሎቱ ብዛት ያረጃል፤ ይሁን እንጂ ያረጀ ሁሉ ሥራውን ጨርሷል ማለት አይደለም። አስተዋይ ገበሬ ጥማዱ በዘገየበት ጊዜ ሁለቱንም በሬዎች ወደ ገበያ አይነዳም፤ አስቀድሞ የትኛው በሬ እንደ ደከመ፥ የደከመውም በዕድሜ ወይም በቀንበር ቁስል ወይም በመኖ ማጣት መሆኑን ይመረምራል። ብርቱው በሬ ከደካማው እርምጃ አልፎ ሊሄድ አይችልምና፥ የዘገየው አንዱ ሆኖ ሳለ ዘገምተኛ መስሎ የሚታየው ጥማዱ በሙሉ ነው። ዛሬ በየቤቱ፥ በየትምህርት ቤቱና በየጽሕፈት ቤቱ «ኮምፒዩተሬ አርጅቷል፤ እስኪከፈት ድረስ ቡና ተፈልቶ ይጠጣል» እየተባለ የሚሰማው አቤቱታም ይህንኑ የመሰለ ነገር ነው።

ነገሩ ለባለ ጠጋ ቀላል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ኮምፒዩተር በኢትዮጵያ ገበያ የሚሸጠው በውጭ አገር ገንዘብ እየተገዛ ስለ ሆነ ዋጋው ከምንዛሪ ጋራ አብሮ ይወጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ የአሜሪካ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። እንግዲህ በዶላር ዋጋው ምንም ያልተለወጠ ኮምፒዩተር እንኳ በብር ለሚገዛው ሰው እጅግ ተወደደበት። የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ላለው ሰው ኮምፒዩተሩ የዕለት እንጀራው ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፉን ለሚያዘጋጅ ተማሪም የዓመታት ድካሙ ማስቀመጫ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ጉድለቱን ሳይመረምር ተበድሮ አዲስ ቢገዛ በትንሽ ወጪ ሊታረም ይችል ለነበረ ነገር ዕዳ ይገባል፤ ጉድለቱን ቸል ብሎ እስከ መጨረሻው ቢታገሥ ደግሞ አንድ ቀን ኮምፒዩተሩ ከነጽሑፉ ይጠፋበታል። መቸኮልም ቸል ማለትም ሁለቱም ያከስራሉ፤ የሚያዋጣው ማወቅ ብቻ ነው።

ለማወቅም አስቀድሞ የኮምፒዩተርን አሠራር በጥቂቱ መረዳት ያስፈልጋል። ኮምፒዩተር ሦስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። አንደኛው ፕሮሰሰር ነው፤ ይህም እንደ ጸሐፊ ሆኖ የሚያስብና የሚሠራ ክፍል ነው። ሁለተኛው ራም ነው፤ ይህም ጸሐፊው አሁን የሚሠራባቸውን ወረቀቶች የሚዘረጋበት ጠረጴዛ ማለት ነው፤ ኮምፒዩተሩ ሲዘጋ ጠረጴዛው ባዶ ይሆናል። ሦስተኛው ሃርድ ዲስክ ነው፤ ይህም ጽሑፉ ሁሉ ተጠብቆ የሚቀመጥበት መዝገብ ቤት ነው። ጠረጴዛው ጠባብ ከሆነ ጸሐፊው አንዱን ወረቀት ለመዘርጋት ሌላውን ወደ መዝገብ ቤት መመለስ ግድ ይሆንበታል፤ መዝገብ ቤቱ ሩቅ ከሆነ ደግሞ ቀኑን በመመላለስ ይጨርሰዋል። ከውጭ ሆኖ የሚያየው ሰው ግን ጸሐፊው ሰነፈ ይላል።

ይህ መመላለስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ በቁጥር ሊታይ ይችላል። በብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ውስጥ የሚገኘው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከር ሰሌዳና በሰሌዳው ላይ እየተንቀሳቀሰ የሚያነብ ክንድ አለው። ክንዱ ከቦታ ወደ ቦታ ተንቀሳቅሶ የሚፈለገውን እስኪያገኝ ድረስ በያንዳንዱ ጊዜ ከአንድ መቶኛ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ በየቦታው የተበታተነ ጽሑፍ ሲፈለግ በአንድ ሰከንድ መቶ ጊዜ እንኳ አይደርስም። ኤስ.ኤስ.ዲ. የተባለው ማስቀመጫ ግን የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ስለ ሆነ በአንድ ሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ፈልጎ ያገኛል። ዊንዶውስ በሚከፈትበት ጊዜ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ፋይሎችን ስለሚፈልግ፥ ሰዓት የሚያጠፋው መመላለስ ከሁሉ ይልቅ በዚህ ላይ ይገለጣል።

ብዙ ሰው ግን አንድ ጥያቄ ያነሣል፤ ይኸውም «ኮምፒዩተሩ በተገዛ ጊዜ ፈጣን ነበረ፤ አካሉም አልተለወጠም፤ ታዲያ ለምን ዘገየ?» የሚል ነው። መልሱ ሸክሙ ስለ ከበደ ነው። አሜሪካዊው ጎርደን ሙር በ1965 እ.ኤ.አ. በአንድ ቺፕ ላይ የሚገጠሙት ረቂቅ ክፍሎች ብዛት በየጊዜው እጥፍ እየሆነ እንደሚሄድ ጽፎ ነበር፤ ነገሩም ለብዙ ዓመታት እንዳለው ሆነ። ፓስካል የተባለውን የኮምፒዩተር ቋንቋ የፈጠረው የስዊዝ አገሩ ሊቅ ኒክላውስ ቪርት ደግሞ በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ የፕሮግራሞች መክበድ ከመሣሪያዎች መፍጠን እንደሚቀድም አመለከተ። በዚያው በ1995 የወጣው ዊንዶውስ 95 ሊሠራበት የሚችለው ትንሹ የራም መጠን 4 ሜጋባይት ነበረ፤ በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ግን ቢያንስ 4 ጊጋባይት ይጠይቃል፤ ይህም ከፊተኛው አንድ ሺህ እጅ ያህል ይበልጣል። በሁለቱም ላይ የሚጻፈው ማመልከቻ ግን ያው አንድ ገጽ ማመልከቻ ነው። እንግዲህ በቅሎዋ አልደከመችም፤ ጭነቱ ተጨመረባት እንጂ።

ምርመራውም ሆነ ጥገናው ከመጀመሩ በፊት ግን የሚቀድም አንድ ግዴታ አለ፤ ይኸውም ጽሑፎችንና ፎቶግራፎችን ሁሉ ወደ ሌላ ማስቀመጫ መገልበጥ ነው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል፤ ሃርድ ዲስክ ግን እንደ ወረቀት አይደለም፤ ለዓመታት የያዘውን በአንድ ሰዓት ይለቀዋል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ መብራት በጠፋ ቁጥር በድንገት ስለሚዘጋ ፋይሎቹ ይበላሻሉ። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ማሰማት ከጀመረ፥ ወይም አንድ ፋይል ለመክፈት ብዙ ጊዜ የሚቆም ከሆነ፥ መጨረሻው እንደ ቀረበ መገመት ይገባል። በጥገና ሱቅም ለሁሉም በሽታ አንድ መድኃኒት የሚሰጥ ባለሙያ አይታጣም፤ መድኃኒቱም «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ፎርማት የተደረገ ዲስክ ፋይሎቹ እንደ ጠፉ ይቆጠራል፤ ባለቤቱ አስቀድሞ ካልገለበጠ ጸጸቱ የራሱ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው። አንድ ግልባጭ በተለየ ዲስክ ላይ፥ ሌላ ግልባጭ ደግሞ ከቤት ውጭ በሚገኝ ስፍራ ወይም በኢንተርኔት ማስቀመጫ ላይ ቢኖር መልካም ነው።

ከዚህ በኋላ በሽታውን መመርመር ይከተላል፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውምና። ዊንዶውስ ባለበት ኮምፒዩተር ኮንትሮል፥ ሺፍትና ኤስኬፕ የተባሉት ሦስት ቁልፎች በአንድነት ሲጫኑ ታስክ ማናጀር የሚባል መስኮት ይከፈታል። በዚያም ፕሮሰሰሩ፥ ራሙና ዲስኩ ከመቶ ስንት እጅ በሥራ እንደ ተያዙ ይታያል። ኮምፒዩተሩ በዘገየበት ሰዓት ዲስኩ ከመቶ መቶ ተይዞ ፕሮሰሰሩ ግን ሥራ ፈትቶ ከታየ ደካማው በሬ ዲስኩ ነው። ራሙ ሞልቶ ዲስኩም አብሮ ከተጨነቀ ጠረጴዛው ጠቧል ማለት ነው። ፕሮሰሰሩ ዘወትር ከመቶ መቶ ሆኖ ማራገቢያው የሚጮኽ ከሆነ ደግሞ አንድ ከባድ ፕሮግራም ወይም ቫይረስ አለበት፤ አለዚያም ሙቀት አስቸግሮታል።

የመጀመሪያዎቹ መድኃኒቶች ገንዘብ አይጠይቁም። አንደኛ፥ ኮምፒዩተሩ ሲከፈት ሳይጠሩ የሚነሡትን ፕሮግራሞች በዚያው በታስክ ማናጀር ውስጥ «ስታርታፕ» በሚለው ክፍል መከልከል ነው። ብዙ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ የማይጠቀምባቸው ፕሮግራሞች በየማለዳው ተነሥተው ጠረጴዛውን ይይዙበታል። ሁለተኛ፥ በብራውዘር ውስጥ የማይነበቡ ገጾችን መዝጋት ነው፤ ራሙ 4 ጊጋባይት ብቻ በሆነ ኮምፒዩተር ላይ ሃያ ገጽ ከፍቶ «ዘገየ» ማለት አንዲትን አህያ የአራት አህያ ጭነት ጭኖ እንደ መምታት ነው። ሦስተኛ፥ ከመቶ አሥር ወይም አሥራ አምስት እጅ የሚሆነው የዲስኩ ስፍራ ባዶ እንዲሆን አላስፈላጊውን ማስወገድ ነው። አራተኛ፥ ሳይከፈልባቸው «ክራክ» በሚባል ዘዴ የተጫኑ ፕሮግራሞችን ማስወገድ ነው፤ በነጻ የተገኘ መስሎ ብዙ ጊዜ ሌባ ይዞ ይገባልና። አምስተኛ፥ ለሳምንታት ሳይዘጋ የቆየውን ኮምፒዩተር ዘግቶ እንደ ገና ማስነሣት ነው፤ ይህም «ሪስታርት» የሚለውን በመጫን ይፈጸማል።

አቧራም የሚናቅ ጠላት አይደለም። ፕሮሰሰር ከመጠን በላይ ሲሞቅ እንዳይቃጠል ራሱን በራሱ ያዘገያል። ለዓመታት ያልተጠረገ ማራገቢያ የአየሩን መተላለፊያ ይዘጋል፤ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ቅባትም በጊዜ ብዛት ይደርቃል። ላፕቶፕን በአልጋ ልብስ ወይም በትራስ ላይ አኑሮ መሥራትም የአየር መግቢያውን ያፍናል። ማራገቢያውን ለማስጠረግና ቅባቱን ለማስለወጥ ለባለሙያ የሚከፈለው ዋጋ ከአዲስ ኮምፒዩተር ዋጋ ጋራ የሚወዳደር አይደለም፤ ከዚህም በኋላ ከሰዓት በኋላ ይዘገይ የነበረው ኮምፒዩተር እንደ ማለዳው ሲሠራ ይታያል።

ይህ ሁሉ ካልበቃ ጥቂት ገንዘብ የሚጠይቁት መድኃኒቶች ይቀጥላሉ። ከእነርሱ ዋነኛው የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ በኤስ.ኤስ.ዲ. መለወጥ ነው። በብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ውስጥ ባለ 2.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ በነበረበት ስፍራ ያው መጠን ያለው ኤስ.ኤስ.ዲ. ያለ ችግር ይገጠማል፤ ለጽሑፍና ለሒሳብ ሥራም 240 ወይም 256 ጊጋባይት ይበቃል። ደቂቃዎች ይፈጅ የነበረው አከፋፈት ከአንድ ደቂቃ በታች መሆኑ የተለመደ ነው። አሮጌው ሃርድ ዲስክም ደኅና ከሆነ በማቀፊያ ተደርጎ የግልባጭ ማስቀመጫ ይሆናል። ሁለተኛው ራሙን ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት ማሳደግ ነው። ነገር ግን ራም ሁሉ አንድ አይደለም፤ ዲ.ዲ.አር.3 የተባለው ዲ.ዲ.አር.4 በሚገባበት ስፍራ አይገባም፤ በአንዳንድ ስስ ላፕቶፖችም ራሙ ከሰሌዳው ጋራ ተበይዶ ስለሚሠራ ፈጽሞ አይለወጥም። ስለዚህ የኮምፒዩተሩን ሞዴል ሳይጠይቁ ራም መግዛት የእግርን ልክ ሳያውቁ ጫማ እንደ መግዛት ነው። ሁለቱንም በአንድ ቀን ከመግዛት ይልቅ ምርመራው ያመለከተውን አንዱን አስቀድሞ ለውጦ ውጤቱን ማየት ይሻላል።

ከፍጥነት ሌላ የደኅንነት ጉዳይም አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ለተመዘገቡ ግለሰቦች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚደርስ ማራዘሚያ እንደሚሰጥ በዚያን ጊዜ አስታውቆ ነበር። ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሻገር ደግሞ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ይፈለጋል፤ ፕሮሰሰሩም የኢንቴል ከሆነ፥ ጥቂቶች ሲቀሩ፥ ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ የተሠራ መሆን አለበት። ትውልዱም ከስሙ ይታወቃል፤ አይ5-8250 የሚል የ8ኛው፥ አይ5-5300 የሚል ግን የ5ኛው ትውልድ ነው። እድሳት የማያገኝ ኮምፒዩተር በዚያው ቀን ሥራ አያቆምም፤ ነገር ግን አጥሩ የፈረሰ ግቢ ይመስላል፤ ቀዳዳው በታወቀ ቁጥር የሚደፍነው የለም። በእንዲህ ያለው ኮምፒዩተር የባንክ ሒሳብ መክፈትና የሰው ምስጢር መያዝ አይገባም።

ዊንዶውስ 11 ላልተፈቀደለት ኮምፒዩተር ሌላ መንገድ አለ። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለው የፊንላንድ ተወላጅ በ1991 እ.ኤ.አ. በሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ የጀመረው ሊኑክስ በነጻ የሚገኝ ነው። ከዓይነቶቹም ሊኑክስ ሚንት ኤክስ.ኤፍ.ሲ.ኢ. የተባለው በ2 ጊጋባይት ራም ይነሣል፥ በ4 ጊጋባይትም ደኅና ሆኖ ይሠራል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ በኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን ሳይነኩ ከፍላሽ አስነሥቶ መሞከር መቻሉ ነው። ይሁን እንጂ ለሁሉ ሰው ይስማማል ማለት አይቻልም። በማይክሮሶፍት ወርድ የተጻፈ ጽሑፍ በሊብሬ ኦፊስ ሲከፈት አሰላለፉ አንዳንድ ጊዜ ይዛባል። ፊደላችን በዩኒኮድ ሰንጠረዥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ስለ ሆነ፥ በአሮጌ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ የቆዩ ሰነዶች ፎንቱ በሌለበት ሁሉ የማይነበብ ምልክት ሆነው ይታያሉ። ብዙ የቆየ የአማርኛ ሰነድ ያለው ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ ይህንን ሞክሮ ማየት ይገባዋል።

ለጥገናም ወሰን አለው፤ ወሰኑን አለማወቅ ከቸኳይ ገዢ ስሕተት አያንስም። ባትሪው ያበጠ ላፕቶፕ እሳት ሊያነሣ ስለሚችል ሳይዘገይ ከአገልግሎት ሊወጣና ባትሪው በባለሙያ ሊነሣ ይገባል። ዋናው ሰሌዳ የተበላሸ፥ ራሙ የማይለወጥ፥ ስክሪኑም የተሰበረ እንደ ሆነ ሦስቱን ለመጠገን የሚወጣው ገንዘብ የተሻለ ኮምፒዩተር መግዣ ይሆናል። ሥራው ራሱ ተለውጦ፥ ይኸውም ትናንት ደብዳቤ ይጽፍ የነበረ ሰው ዛሬ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሆኖ እንደ ሆነ፥ አሮጌውን ኮምፒዩተር መውቀስ ፍርድ ማጓደል ነው፤ ለዚያ ሥራ አልተገዛምና። የጥገናው ወጪ የተሻለ ኮምፒዩተር ከሚገዛበት ዋጋ ግማሽ ሊደርስ ሲቃረብ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል።

መግዛት ግድ በሆነ ጊዜም ያለፈው ትዕግሥት በከንቱ አልጠፋም፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና፥ ጊዜ ያገኘ ሰው ገንዘብም አጠራቅሟል፥ የሚያስፈልገውንም አውቋል። የተገለገሉበት ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ከላይ በሚያብለጨልጨው ቀለም ሳይታለል ኤስ.ኤስ.ዲ. ያለው፥ ራሙ 8 ጊጋባይት የሆነና ሊጨመርበት የሚችል፥ ፕሮሰሰሩም ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ የሆነ መሆኑን ይመርምር፤ ባትሪው ከቻርጀር ተነቅሎ ምን ያህል እንደሚቆይም በሻጩ ፊት ይሞክር። አለዚያ አንዱን ደካማ በሬ ሸጦ ሌላ ደካማ በሬ ገዝቶ ይመለሳል።

አሮጌው በወጣ ጊዜም ወደ ቆሻሻ መጣል አይገባውም። የተባበሩት መንግሥታት ባወጣው ዘገባ እንደ ተገለጸው በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም የተጣለው የኤሌክትሮኒክ ዕቃ 62 ሚሊዮን ቶን ነበረ፤ ከዚህም ተሰብስቦ በሚገባ እንደ ተስተናገደ በመዝገብ የታወቀው ከመቶ 23 እጅ አይሞላም። በውስጡ እርሳስንና ሌላ መርዝ የያዘ ዕቃ በሜዳ ሲቃጠል የሚጎዳው መጀመሪያ የሚያቃጥለውን ልጅ ነው። ለባለቤቱ የዘገየው ኮምፒዩተር ግን ሊኑክስ ተጭኖበት ፊደል ለሚቆጥር ልጅ ወይም መጽሐፍ ለሚያነብ ተማሪ ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግል ይችላል፤ ከመስጠት በፊት ግን በዲስኩ ላይ ያለውን የግል ምስጢር መደምሰስ አይረሳ።

እንግዲህ ኮምፒዩተሩ የዘገየበት ሰው ቅደም ተከተሉን ይጠብቅ፤ አስቀድሞ ጽሑፉን ይገልብጥ፤ ቀጥሎ ደካማውን ክፍል ይለይ፤ ከዚያ በነጻ የሚሆነውን፥ ኋላም በጥቂት ገንዘብ የሚሆነውን ይሞክር፤ መግዛትን የመጨረሻው ያድርገው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለው፥ ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ ከግዢ የሚጀምር ሰው ኋላ ተመልሶ የሚለቅመው የገዛ ገንዘቡን ነው፤ ከገንዘቡም ሁሉንም መልቀም አይችልም።